300 ሺህ ተመልካች፣ 14 ገዢ
የንግድ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ጸሐፊዎች የሚሠሩት ሥራ ይለያያል፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሥራችንን እንዴት ብናስተዋውቅ ገዢ እናገኛለን ይላሉ። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በአያት አካባቢ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። የንግድ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሸጠው በእሁድ ገበያ፣ በአራት የሰፈር ሱቆችና ለማውቃቸው ሰዎች ነው። በቅርቡ ልጄ በርበሬ ስንቀነጥስ ቀርጻ በቲክቶክ ላይ ለጠፈችውና 300 ሺህ ያህል ሰው ተመለከተው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የገዛኝ ግን 14 ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት በ40 ሺህ ብር ላስተዋውቅሽ ብሎኛል። ከአንድ ኪሎ ሽሮ ላይ 80 ብር ያህል ይተርፈኛል። ገንዘቡን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ ለጊዜው ይቅርብዎት። ምክንያቱን ራስዎ ከሰጡን ቁጥር ላይ እናገኘዋለን። 40 ሺህ ብር በኪሎ 80 ብር ትርፍ ሲሰላ 500 ኪሎ ሽሮ ማለት ነው። አንድ አዲስ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ይገዛል ብንል፣ ትርፉ ይቅርና ያወጡትን ለመመለስ ብቻ 250 አዲስ ሰው ያስፈልግዎታል። ያው ደንበኛ ወደደውና በየወሩ እየተመለሰ አራት ጊዜ ከገዛ ግን 63 ሰው ይበቃል። ስለዚህ ለእርስዎ ከ300 ሺሁም ከ40 ሺሁም የሚበልጠው ቁጥር በደብዳቤዎ ውስጥ ያልጻፉት ነው፤ ከ14ቱ ገዢዎች ስንቱ ተመልሶ መጣ?

ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቋቸው። ዘጠኙ ወይም አሥሩ ተመልሰው ከሆነ ሽሮው ራሱን እየሸጠ ስለሆነ የቀረው ሥራ እነሱን የመሰሉ ሰዎችን ማግኘት ነው። የተመለሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ግን የትኛውም ማስታወቂያ አያድንዎትም፤ ችግሩ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነውና ቅመሙ በዝቶ ይሁን፣ ጨው ገብቶበት ይሁን፣ አቆላሉ ሳይበቃው ቀርቶ ይሁን ከራሳቸው አንደበት መስማት ይኖርብዎታል። ጥሩ ያልሆነን ሽሮ በብዙ ገንዘብ ማስተዋወቅ ማለት ጥሩ አለመሆኑን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያውቅ መክፈል ነው።

የላኩልንን ቪዲዮ ተመልክቼዋለሁ፤ በእውነት ያምራል። ሦስት ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠው በርበሬውን እየቀነጠሱ ያወራሉ፣ አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ከኋላቸው የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ላይ ቀልቶ ይታያል። ማንም ሰው ቆሞ ያየዋል። ሆኖም ቲክቶክ ቪዲዮን የሚያደርሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ማየት ለሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ተመልካቹ ደሴም፣ ጅማም፣ ዱባይም ሊሆን ይችላል፤ ናፍቆቱን ተወጥቶ፣ ልብ ምልክት ሰጥቶ ያልፋል። ልጅዎ በመለያው ውስጥ ተመልካቾች ከየት እንደሆኑ የሚያሳየውን ክፍል ከፍታ ታሳይዎት። ያ ወጣትም ሊያስተዋውቅዎት ከፈለገ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተከታዮቹ ብዛት ሳይሆን ከእነሱ ምን ያህሉ አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚኖሩ ነው። ይህን ገልጦ ለማሳየት ካንገራገረ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው ነው። «ዋጋ ስንት ነው?» የሚል አለ፣ «የት ናችሁ?» የሚል አለ፣ «ለሃያ ሁለት ታደርሳላችሁ?» የሚል አለ። የተሰጠው መልስ ሁሉ «በውስጥ መስመር አናግሩን» ነው። ይህ በአገራችን የኢንተርኔት ንግድ ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልማድ ሥር ሰዷል፤ ሻጩ ዋጋውን ቢደብቅ ገዢው ተለማምጦ የሚመጣ ይመስለዋል። ገዢው ግን ዋጋው የተደበቀው ሰው እየታየ ስለሚቆረጥ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳትም። ነጭ ሽሮ ስንት፣ ምጥን ሽሮ ስንት፣ በርበሬ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚገኙና ስልክዎን በቪዲዮው ላይና ከሥሩ በግልጽ ይጻፉ። ዋጋ ሲለወጥ አዲሱን ይጻፉ። በርበሬ ከጥቅምት ጀምሮ አዲሱ ምርት ሲገባ እንደሚረክስና ክረምት ላይ እንደሚወደድ የማያውቅ ደንበኛ የለም፤ የማረቆው ከሆነ የማረቆ፣ የቡሬው ከሆነ የቡሬ ብለው ሲነግሩት ደግሞ ጭማሪውንም በቀላሉ ይቀበላል።

ቲክቶኩ ሰውን ያመጣል እንጂ አያቆይም። የሚያቆየው የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ምክንያቱም ቻናል ውስጥ የገባ ሰው ፈልጎ የገባ ነው። እዚያ ዋጋውን ከላይ አስረው ያስቀምጡና በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይለጥፉ፤ በየሰዓቱ የሚጮህ ቻናል ድምፁ ይዘጋል፣ ድምፁ የተዘጋ ቻናል ደግሞ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ማድረሻውን በሁለት ቀን ይወስኑት። ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ እናደርሳለን ቢሉ፣ አንድ ሞተረኛ በአያት፣ በሲኤምሲና በመገናኛ መስመር የስምንት ሰው እቃ በአንድ ዙር ያዳርሳል፤ ለሁለት ኪሎ ሽሮ ብቻውን ሞተር ከላኩ ግን የመጓጓዣው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል፣ ደንበኛው ልክፈል ቢልም በሁለተኛው ጊዜ ይሰለቻል። ክፍያ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲቀበሉ ደግሞ የተላከልዎትን ስክሪን ሾት አምነው እቃ አያስወጡ፤ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ ያረጋግጡ፣ የሚቀናበር ፎቶ ብዙ ነውና።

አሁን ወደ እሁድ ገበያው ልመለስ፤ ለእርስዎ ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም በአንድ የእሁድ ገበያ ሁለት ሽሮ ሻጮች ጎን ለጎን ቆመው አይቻለሁ። አንደኛዋ ከረጢቶቿን በሥርዓት ደርድራ ሰው ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። ሁለተኛዋ አነስተኛ ቡታ ጋዝ ላይ ድስት ጥዳ ሽሮውን ታንተከትካለች፤ ሽታው እስከ ሽንኩርት ተራው ድረስ ይሄዳል። እንጀራውን በትንንሹ ቆርጣ፣ በስቴኪኒ ወግታ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ታቀምሳለች። አንዲት እናት ቀምሰው «ኮረሪማው በዝቶበታል» አሏት። ምንም አልተከራከረችም፤ ጎንበስ ብላ ሌላ ከረጢት አወጣችና «እማማ፣ ኮረሪማ የሌለው ይኸው» አለቻቸው። ሦስት ኪሎ ገዙ። ከረጢቱ ላይ ስልኳና የተፈጨበት ቀን የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር እሁድን ሳይጠብቁ እቤታቸው ሆነው እንደደወሉላት አልጠራጠርም። የመጀመሪያዋ ሻጭ ሽሮ ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ ማን ያውቃል፣ አልተቀመሰም።

የአርባ ሺህዎን ከፊል በዚህ ላይ ያውሉት። ለቅምሻው የሚሆን ሽሮና እንጀራ፣ ቀንና ክብደት የሚጻፍበት ጥሩ መለያ ወረቀት፣ ከረጢቱን አጥብቆ የሚዘጋ የላስቲክ ማሸጊያ ይግዙ። መለያው ላይ ስም ከማሳተምዎ በፊት ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን ያጣሩ። ጥናት የሚያስፈልገው ወቅቱም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ሽሮ የሚፈለገው ያኔ ነው። ለፋሲካ ዶሮ የሚሆነውን በርበሬ ግን ሰው የሚገዛው ጾሙ ሳይፈታ ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ማስታወቂያ ከጀመሩ ቤቱ ሁሉ አስፈጭቶ ጨርሷል፤ ሁለት ሳምንት ቀድመው፣ ደመወዝ በሚወጣበት የወሩ መጨረሻ ላይ ይነሡ። በዓል ሲቃረብም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ በርበሬና ሽሮ ሳይዝ እንደማይወጣ ያውቃሉና፣ ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ ድርብ እሽግ ቢያዘጋጁ ከዱባይና ከዋሽንግተን ያዩዎት እነዚያ ተመልካቾች ያን ጊዜ ለዘመዳቸው ስልክዎን ይልካሉ።

አራቱ ሱቆች ላይ ብዙ አልልም። አምስት አምስት ኪሎ በአደራ ሰጥተው በየ15 ቀኑ እየዞሩ ሒሳብ ይቀበሉ፤ እቃዎ ከዘይቱ ኋላ ተደብቆ ካገኙት ለባለሱቁ የሚተውለት ትርፍ አንሶታል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ደብተር ይያዙ። አዲስ ሰው በገዛ ቁጥር «ከየት ሰሙ?» ብለው ጠይቀው ይጻፉ፤ ቲክቶክ፣ እሁድ ገበያ፣ ሱቅ፣ ጎረቤት። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ አብዛኛው ተመላሽ ደንበኛ ከቲክቶክ የመጣ መሆኑን ካሳየ፣ ያን ጊዜ ያንን ወጣት ይጥሩት። ያን ጊዜም ቢሆን ክፍያውን በሁለት ከፍለው፣ ቀሪውን ቪዲዮው ወጥቶ የትእዛዙን ብዛት ካዩ በኋላ እንዲሆን ይዋዋሉ።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቅ አለኝ። ከሸማኔዎች ጋር ተነጋግሬ የማሠራቸውን አዳዲስ ጥለቶች ኢንስታግራምና ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ፣ ሌሎች ሻጮች ፎቶዬን ወስደው በራሳቸው ቻናል ላይ በረከሰ ዋጋ ያቀርቡታል። ከአሜሪካና ከእስራኤል የሚያዙኝ ሰዎችም ግራ እየተጋቡ ነው። ፎቶ መለጠፉን ባቆም አይሻልም?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቢያቆሙ ሌቦቹ ፎቶ ያጣሉ፣ እርስዎ ደግሞ ገዢ ያጣሉ። የሚለጥፉትን ዓይነት ይቀይሩ እንጂ መለጠፉን አያቁሙ።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። የሱቅዎን ስምና ምልክት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን ይታደሳል። ስሙን እንዲያስመዘግቡ አጥብቄ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ስምዎን ይዞ ከሚነሣ ሰው ጋር ሲከራከሩ በእጅዎ የሚኖረው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ የተሰረቀ ፎቶ ግን ፍርድ ቤት ልሂድ ቢሉ ከሱቁ ይልቅ ችሎት የሚውሉበት ቀን ይበዛል፤ ለቴሌግራምና ለኢንስታግራም በራሳቸው መጠቆሚያ ያመልክቱና ወደ ሥራዎ ይመለሱ።

ሊሰረቅ የማይችለውን ያሳዩ። ነጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ፎቶ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን እያቀበለ፣ ጥለቱ ክር በክር ሲወጣ፣ ከጎኑ እርስዎ ቆመው «ይህ ለጥር 20 ሙሽራ የታዘዘ ነው» ሲሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ፊትዎንና ድምፅዎን የለመደ ደንበኛ የተሰረቀውን ፎቶ ሲያይ ራሱ ይነግርዎታል። ውጭ አገር ላሉት ደግሞ ከመክፈላቸው በፊት በቪዲዮ ደውለው ሱቁን፣ ጨርቁን በቀን ብርሃን፣ የጥለቱን ጀርባ ሳይቀር ያሳዩአቸው። ሌባው ጨርቁ በእጁ ስለሌለ ይህን ማድረግ አይችልም። ልኩን ራሳቸው እንዲለኩ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና ቁመት የት የት እንደሚለካ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አንድ ጊዜ ቀርጸው ለሁሉም ይላኩ፤ ግማሹን ቅድሚያ ይቀበሉ፤ ሸማኔው አራት ሳምንት የሚፈልግ ከሆነ አምስት ይበሉ እንጂ ሦስት ብለው አያስደስቷቸው።

በጊዜውም ላይ ይቅደሟቸው። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የሚሆነው ከኅዳር ጀምሮ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ከሐምሌ ጀምሮ መታየት አለበት። በእስራኤል ያሉት ደንበኞችዎ ከአይሁድ የስርየት ቀን ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ማለትም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የቤተ እስራኤላውያንን በዓል ስግድን ያከብራሉ፤ ብዙዎቹ እናቶች ያን ቀን ነጭ የሀገር ልብስ ስለሚለብሱ፣ ነሐሴ ላይ ስለ ስግድ የሚለጥፍ ሻጭ ከሆኑ ተወዳዳሪዎ ጥቂት ነው። ፎቶ ሰራቂው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ እርስዎ ሲለጥፉ ያያል፣ ሲያይ ይሰርቃል፣ ሲሰርቅ ትእዛዙ በእርስዎ እጅ ገብቷል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ውስጥ ለ11 ዓመት ኮትና ሱሪ እየሰፋሁ ኖሬ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነሥቼ አሁን ገርጂ አካባቢ ሱቅ ተከራይቻለሁ። የድሮ ደንበኞቼ የት እንደገባሁ አያውቁም። 5 ሺህ በራሪ ወረቀት አሳትሜ ላስበትን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወረቀቱን ከማሳተምዎ በፊት የእኔን ታሪክ ይስሙ። ከዓመታት በፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስከፍት 3 ሺህ በራሪ ወረቀት አሳትሜ ለሁለት ልጆች የቀን አበል ከፍዬ አሰማራኋቸው። አንድም ሰው አልደወለም። ሳምንት ቆይቼ ግማሹን ወረቀት ገመዱ እንኳ ሳይፈታ ከአንድ ቱቦ አፍ ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ልጆቹን ልቆጣ አንዱን ወረቀት ሳነሣው ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቷል፤ ያረምኩትም፣ ይታተም ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነበርኩ።

የእርስዎ ችግር ደግሞ ከእኔም ይለያል። እርስዎ የሚፈልጉት የሚያውቅዎትን ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ገርጂ ላይ ወረቀት በመበተን አይገኝም። በመጀመሪያ ስልክዎን ይክፈቱና የተደዋወሏቸውን ቁጥሮች ይዩ፤ «ኮቴ ደርሷል?» እያለ የደወለ ሁሉ ደንበኛዎ ነው። ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠሩ አጭር መልእክት ይላኩ። በጅምላ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አያስገቧቸው፤ ሰው ያለ ፈቃዱ ቡድን ውስጥ መግባት ይጠላል፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎችን መረጃ በፈቃዳቸው እንድንጠቀም ይጠይቃል። ቀጥሎ ፒያሳ ይሂዱ። ከቦታው ያልተነሣ ቡና ቤት፣ ሊስትሮ፣ ጋዜጣ አዟሪ አይጠፋም፤ ሰው የጠፋበትን ልብስ ሰፊ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ስልክዎና አዲሱ ቦታ የተጻፈበት 20 ካርድ ለእያንዳንዳቸው ይስጡ፣ የአንዱን ሱሪም በነጻ ይስፉለት።

ገርጂ ላይ ደግሞ ሱቅዎን በጉግል ካርታ ላይ ያስመዝግቡ፣ ክፍያ የለውም። አድራሻውን ሲጽፉ ሰው በሚያውቀው ምልክት፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በየትኛው ባንክ አጠገብ እንደሆነ ይግለጹ፤ የሱቁን ፊት ፎቶም ይጨምሩበት። ታፔላ ከመስቀልዎ በፊት ወረዳውን ይጠይቁ፤ ዛሬ ቀለሙና መጠኑ ሳይቀር የሚወሰንበት መንገድ ስላለ አሠርተው ሊያወርዱት ይችላሉ። ታፔላው ላይ «ከፒያሳ የመጣው» የምትል ቃል ብትገባበት ደስ ይለኛል፤ ለአዲሱ ሰፈር ሰው የ11 ዓመት ሥራ ምስክር ናት።

ለበራሪ ወረቀቱ ያሰቡትን ገንዘብ በጨርቅ ላይ ለሚታተም ትንሽ መለያ ያውሉት። ስምዎና ስልክዎ ያለበትን መለያ ከዛሬ ጀምሮ በሚሰፉት ኮት ሁሉ ከውስጥ ኪሱ በላይ፣ በሱሪው ደግሞ ከወገቡ ውስጥ ይስፉት። ጥሩ ኮት አሥር ዓመት ይለበሳል፤ ባለቤቱ በወፈረና በከሳ ቁጥር፣ ልጁን በዳረ ቁጥር ያንን ኪስ ይከፍታል። ቁጥሩን ግን ለአታሚው ከመስጠትዎ በፊት በዚያው ቁጥር ላይ ደውለው ስልክዎ መጥራቱን ያረጋግጡ።